ተቆርጠው የቀሩት ደቂቃዎች፦ አንድ የቆየ የካውቦይ ፊልምና እኛ የካርቱም ሰዎች

ይህ ገጽ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የራሽን፣ የምዝገባና የክሊኒክ ወሬ ነው። በዛሬው እትማችን ግን ወደ መዝናኛው ወጣ ብለን ስለ አንድ ፊልም ልናጫውታችሁ አስበናል። «በዚህ ሰዓት ፊልም ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ፍረዱን።

ፊልሙ «ጥሩው፣ መጥፎውና አስቀያሚው» ይባላል። ጣሊያናዊው ሰርጆ ሊዮኔ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው፣ ክሊንት ኢስትውድ፣ ሊ ቫን ክሊፍና ኢላይ ዋላክ የተጫወቱበት ረጅም የካውቦይ ፊልም ነው። ርዕሱን ያልሰማ ሰው እንኳ ኤኒዮ ሞሪኮኔ የደረሰለትን፣ እንደ ቀበሮ ጩኸት የሚጀምረውን ሙዚቃ ሲሰማ «አሃ፣ ይሄማ!» ማለቱ አይቀርም።

ካርቱም ሳለን ፊልም የምናየው እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከተማዋ በአንድ ወቅት ጣሪያ የሌላቸው፣ ሰው ማታ ማታ ከዋክብት ሥር ተቀምጦ የሚያይባቸው ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ነበሯት። ኮሊዚየምና ብሉ ናይል የሚሉት ስሞች ከቆዩ ሰዎች አፍ አልጠፉም። ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ግን አብዛኞቹ ቀስ በቀስ ተዘጉ። ስለዚህ ዘግየት ብሎ የመጣው ሐበሻ ፊልም ያየው ቤት ውስጥ ነው። ዴም ወይም ጀሪፍ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ሥራ በሌለበት በአርብ ቀን፣ ሰባት ስምንት ሰው ፍራሽ ላይ ተደርድሮ፣ መጀመሪያ በዴክና በካሴት፣ ቀጥሎ በሲዲ፣ ከዚያም በዲሽ ከዐረብ ጣቢያዎች እናይ ነበር። ከሥር የሚጻፈውን ዐረብኛ እየተከተልን ቋንቋ የለመድንም አለን። መብራት ከሄደ ፊልሙ መሀል ላይ ይቀራል። የቀረውን ሌላ ቦታ ያየ ሰው ይተርክልናል፤ በቃ፣ አለቀ።

ታዲያ ያኔ ያየነው «ጥሩው፣ መጥፎውና አስቀያሚው» መብራት ባይሄድም ጎደሎ ሊሆን ይችል እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? የዛሬው ጽሑፋችን ነገር እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ

ጊዜው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ 1862 አካባቢ። ሰሜኑና ደቡቡ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ይዋጋሉ። ሦስት ሰዎች ደግሞ ለጦርነቱ ደንታ የላቸውም፤ የሚፈልጉት አንድ መቃብር ውስጥ የተቀበረ 200,000 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ነው። አስቀያሚው የተባለው ቱኮ የመቃብር ቦታውን ስም ያውቃል። ጥሩው የተባለው ብሎንዲ ደግሞ መቃብሩ ላይ የተጻፈውን ስም ያውቃል። አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም። ስለዚህ እርስ በርስ ሊገዳደሉ የሚፈላለጉ ሁለት ሰዎች አንዱ አንዱን ከሞት እየጠበቀ ይጓዛል። ሦስተኛው፣ መጥፎው ኤንጅል አይስ፣ ከኋላ ከኋላ ይከተላቸዋል።

ፊልሙን ያየ ስደተኛ የማይረሳው አንድ ቦታ አለ። ቱኮ ከበረሃ የደከመውን ብሎንዲ ይዞ ወንድሙ ወደሚያገለግልበት ገዳም ይደርሳል። ወንድሙ ቄስ ነው። ለዓመታት አልተያዩም። ወንድሙ እናት አባታቸው መሞታቸውን ይነግረዋል፤ ይወቅሰዋል፤ እስከ መማታት ይደርሳሉ። ብሎንዲ ይህን ሁሉ ከዳር ሆኖ ሰምቷል። ቱኮ ግን ሠረገላው ላይ ሲወጣ ወንድሜ እጅግ ይወደኛል፣ ሁልጊዜም ቤቱ ለኔ የሚሆን ምግብ አይጠፋም እያለ ያወራለታል። ብሎንዲ እውነቱን እያወቀ አያጋልጠውም፤ ዝም ብሎ የያዘውን ሲጋራ ያካፍለዋል። ወደ ቤተሰብ ደውለን «ደህና ነኝ፣ ሥራም አለኝ፣ ሁሉም ተስተካክሏል» ያልን ሰዎች ይህን ቦታ ማንም ሊያስረዳን አይችልም። እኛው እናስረዳለን እንጂ።

እንዴት ተቆረጠ?

ፊልሙ በጣሊያን ታኅሣሥ 1966 ሲወጣ ርዝመቱ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋ ነበር። በዓመቱ አሜሪካ ሲገባ አከፋፋዮቹ «ረዘመ» አሉ። ቆርጠው ቆርጠው 161 ደቂቃ አደረሱት። በዓለም ዙሪያ በእንግሊዝኛ የታየው፣ በካሴት የተባዛው፣ ለብዙ ዓመታት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የኖረው ይኸው ያጠረው ነው።

የተቆረጡት ክፍሎች በጣሊያንኛው ቅጂ ውስጥ ነበሩ። ነገር ግን እነዚያ ክፍሎች የእንግሊዝኛ ድምፅ ፈጽሞ አልተቀዳላቸውም። ይህ የሆነበት ምክንያት የጣሊያን ፊልሞች በዚያ ዘመን የሚሠሩበት መንገድ ነው። ሲቀረጽ ተዋናዩ በየራሱ ቋንቋ ይናገራል፤ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በጣሊያንኛ፣ አንዱ በስፓኒሽ። ድምፁ የሚገባው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ለአሜሪካ የተቆረጠው ክፍል ስቱዲዮ ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው።

በ2003 የፊልሙ ባለቤት የነበረው ኤምጂኤም ኩባንያ፣ በጆን ኪርክ በተባለው ባለሙያ መሪነት፣ የተቆረጠውን መልሶ ለመቀጠል ተነሣ። ምስሉ አለ። ድምፁን ምን ያድርጉት? ክሊንት ኢስትውድንና ኢላይ ዋላክን ጠሩ። ኢስትውድ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ዋላክ ሰማንያ አምስትን ተሻግሯል። ሁለቱም ስቱዲዮ ገብተው በወጣትነታቸው ሳይናገሩት የቀረውን ቃል በሽማግሌ ድምፅ ተናገሩ። ሊ ቫን ክሊፍ ግን በ1989 ሞቷል። የርሱን ቦታ ሌላ ሰው ድምፁን አስመስሎ ሸፈነ። ጆሮ ሰጥቶ የሚያዳምጥ ሰው ልዩነቱን ይለያል፤ መልኩ የሠላሳ ስድስት ዓመት ወጣት፣ ድምፁ የአያት ይሆንበታል። ቢሆንም ታሪኩ ሞላ። ይኸው 179 ደቂቃ ገደማ የሚረዝመው ቅጂ በ2004 በዲቪዲ ወጥቶ የሰው ቤት ገባ።

እድሳቱ በዚህ አላበቃም። ፊልሙ የተቀረጸው ቴክኒስኮፕ በሚባል ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ ለእያንዳንዱ ምስል ከተለመደው ግማሹን የፊልም ቦታ ብቻ ስለሚጠቀም ርካሽ ነው፤ ግን ምስሉ ትንሽ በመሆኑ ሲጎላ ቶሎ ይሻክራል። ቅጂ ከቅጂ ሲባዛማ ምን እንደሚመስል፣ አምስተኛ እጅ ካሴት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በመሆኑም በ2014 ጣሊያን ቦሎኛ ከተማ ያለው የእድሳት ላቦራቶሪ ፊልሙን እንደገና በከፍተኛ ጥራት አነሣው። አሁን ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ መጣ፤ ሰማዩም አሸዋውም ሰውም ሁሉ ብጫ ሆነ ተብሎ ተመልካች ተቆጣ። በኋላ የወጡት እትሞች ቀለሙን ለማስተካከል ሞክረዋል። ከዚህ የምንረዳው እድሳት ማለት ማጽዳት ብቻ አለመሆኑን ነው። የሚያድሰው ሰው ይመርጣል፤ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ፣ ቀለሙ ምን ይምሰል ብሎ ይወስናል።

የተመለሰው ምን ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ፊልሙ ረዘመ ተብሎ ሲቆረጥ መጀመሪያ የወጣው ምንድን ነው? ተኩሱ ነው? አይደለም። ወርቁ ነው? እሱም አይደለም። በመጨረሻው ላይ ሦስቱ ሰዎች መቃብሩ መሀል ቆመው ዓይን ለዓይን የሚተያዩበት ረጅም ትዕይንትም አልተነካም።

ከወጡት አንዱ ይህ ነው። ኤንጅል አይስ የሚፈልገውን ሰው ወሬ ለማግኘት በመድፍ ወደ ፈረሰ የደቡብ ወታደሮች ምሽግ ይሄዳል። እዚያ የሚያገኘው የቆሰሉ፣ የተራቡ፣ እዚህም እዚያም የወደቁ ሰዎችን ነው። አንድ ወታደር ጠርሙስ መጠጥ ተቀብሎ ወሬውን ይሰጠዋል። ያ ጨካኝ ሰው እንኳ የቆሰሉትን እያየ ሲያልፍ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ይነበባል። ታሪኩን ወደፊት የሚገፋው መረጃ አንድ ዐረፍተ ነገር ስለሆነ ቆራጮቹ «ያለዚህም ይገባል» ብለው አወጡት።

ሌላው የተቆረጠ ከበረሃው ጉዞ ላይ ነው። ቱኮ ብሎንዲን ያለ ውሃ በፀሐይ እየነዳው ሳለ፣ ያኛው በጥም ሊሞት ሲደርስ፣ ፊቱ ቁጭ ብሎ በውሃ እግሩን ይታጠባል። ይህን ስናይ ከመካከላችን የሳቀ አልነበረም። ውሃ በእጁ ያለ ሰው ውሃ በሌለው ሰው ላይ ምን ያህል ጌታ እንደሚሆን በመንገድ ያየ ሰው ለመሳቅ ይከብደዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያለ እነዚህ ክፍሎች ፊልሙ ይገባል። ፈጣን ነው፣ ደስ ይላል። ከነርሱ ጋር ሲታይ ግን ሌላ ፊልም ይሆናል። ወርቅ የሚፈልጉ ሦስት ሰዎች ታሪክ መሆኑ ቀርቶ፣ ሦስት ሰዎች ወርቅ ሲፈልጉ በዙሪያቸው ስንት ሰው እንደሚያልቅ የሚያሳይ ይሆናል። ረጅም ታሪክ እንዲያጥር ሲፈለግ መጀመሪያ የሚወጣው ቁስለኛው ነው። ይህ በፊልም ብቻ የሚሆን አይደለም።

ድልድዩ

ቁስለኞቹ ቢቆረጡም፣ በአጭሩም በረጅሙም ቅጂ ውስጥ ያለ አንድ ትዕይንት ደግሞ ዛሬ እኛን ያስደነግጠናል። ሁለቱ ሰዎች ወደ መቃብሩ ለመሄድ ወንዝ መሻገር አለባቸው። ወንዙ ላይ ድልድይ አለ። በአንዱ ዳር የሰሜን ጦር፣ በሌላው ዳር የደቡብ ጦር ሰፍሯል። ሁለቱም ድልድዩን ሳይሰበር ይፈልጉታል፤ ስለዚህ በየቀኑ ሰዓት ጠብቀው ይተላለቃሉ። ሰካራም የሆነ አንድ ሻምበል ድልድዩ ፈርሶ ወታደሮቹ ከሞት ቢገላገሉ ይመኛል፤ ትእዛዙ ግን አይፈቅድለትም። ቱኮና ብሎንዲ በድማሚት ያፈርሱታል። በማግሥቱ ጦሮቹ የሉም፤ ሬሳው ብቻ ወንዙ ዳር ቀርቷል።

(ስለ ቀረጻው አንድ የሚያስቅ ነገር እንጨምር። ድልድዩን የሠሩት የስፔን ጦር ወታደሮች ናቸው። በምልክት አለመግባባት ካሜራው ሳይነሣ ድልድዩ ፈነዳ። ምን ይደረግ? ወታደሮቹ እንደገና ሠሩት፤ እንደገና ፈነዳ።)

ካርቱም ሦስት ከተማ ናት፤ ካርቱም፣ ኡምዱርማንና ባሕሪ። ሦስቱን የሚያያይዙት ድልድዮች ናቸው። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላ የከተማዋ ነገር በድልድዮቹ ላይ ወደቀ። ድልድይ የያዘ ሰፈር ያዘ። በዚያው ዓመት ኅዳር 11 ቀን እ.ኤ.አ. ኡምዱርማንን ከባሕሪ የሚያገናኘው የሸምባት ድልድይ ፈረሰ። ሁለቱ ወገኖች «አፍራሹ እሱ ነው» እያሉ ተወነጃጀሉ። ከመካከላችን ያንን ድልድይ በአውቶቡስ ተሻግሮ ሥራ የሄደ፣ ዘመድ የጠየቀ ብዙ ነው። በፊልሙ ድልድዩ ሲፈርስ ጦርነቱ ከዚያ ቦታ ይሄዳል። በሸምባት ድልድዩ ፈረሰ፣ ጦርነቱ ግን አልሄደም። የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህን የምናነሣው ፊልም እንደ ንግርት ነው ለማለት አይደለም። በዜና ላይ ድልድዩ ተነገረ፤ ማን ያዘ፣ ማን ለቀቀ ተባለ። በድልድዩ ሥር በነበሩት ሰፈሮች ተከራይተው ይኖሩ የነበሩት ሐበሾች፣ ሻይ የምትሸጠው እህታችን፣ ሰው ቤት የምትሠራዋ፣ ራክሻ የሚነዳው ወንድማችን ግን በዜናው ውስጥ የሉም። ያለነሱም ዜናው ይገባል።

የሱዳን የራሷ ካውቦይ

አሁን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር እንንገራችሁ። የካውቦይ ፊልም የአሜሪካና የጣሊያን ብቻ የሚመስለው አለ። አንድ ሱዳናዊም ሠርቷል። ኢብራሂም ሸዳድ ይባላል። በምሥራቅ ጀርመን ፖትስዳም-ባብልስበርግ የፊልም ትምህርት ቤት ሲማር በ1964 ለመመረቂያው የሠራው «የአደን ጉዞ» የተሰኘ ፊልም፣ የካውቦይን መልክ ይዞ በጀርመን ጫካ ውስጥ አንድ ጥቁር ሰው ሲታደን ያሳያል። ሊዮኔ ፊልሙን ከማውጣቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። በካውቦይ ፊልም ሁልጊዜ አዳኝ የሚሆነውን ትተን ታዳኙን እንድናይ ያደርገናል።

ሸዳድ ወደ አገሩ ተመልሶ ከሱሌይማን ኤልኑርና ከአጥጠይብ መህዲ ጋር፣ አንዱ ሞስኮ አንዱ ካይሮ ከተማሩት ጓደኞቹ ጋር፣ በ1989 የሱዳን ፊልም ቡድንን መሠረቱ። ወራት ሳይቆይ መፈንቅለ መንግሥቱ መጣ፤ ሥራቸውም ቆመ። ፊልሞቻቸው ለረጅም ጊዜ ሰው ሳያያቸው ኖሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ በርሊን የሚገኘው አርሴናል የተባለ የፊልም ተቋም «የአደን ጉዞ»ን ጨምሮ የቡድኑን ሥራዎች በዲጂታል አድሶ በዲቪዲ አወጣቸው። ከነዚያ መካከል የአጥጠይብ መህዲ «ጣቢያው» (1989) ይገኝበታል። ከካርቱም ወደ ፖርት ሱዳን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት መገናኛ፣ የሚያልፈውንና የሚጠብቀውን ሰው ያሳያል። በዚያ መንገድ ጭነት ላይ ተንጠልጥሎ የመጣ ሰው ቢያየው ቦታውን ያውቀዋል።

የነዚህን ሽማግሌዎች ነገር ሱሃይብ ጋስመልባሪ የተባለ ወጣት ሱዳናዊ «ስለ ዛፎች ማውራት» በሚል ዘጋቢ ፊልም ቀርጾታል። በ2019 በርሊን ላይ በምርጥ ዘጋቢ ፊልምነት ተሸልሟል። ሽማግሌዎቹ ኡምዱርማን ውስጥ የተዘጋውን «ሰውራ» ሲኒማ፣ ማለትም «አብዮት» የሚባለውን፣ አጽድተው አንድ ማታ ለሕዝብ በነጻ ሊያሳዩ ይነሣሉ። ለሰፈሩ ወጣቶች ምን ማየት እንደሚፈልጉ ይጠይቃሉ። የተመረጠው ምን ይመስላችኋል? «ጃንጎ አንቼይንድ»፤ ኩዌንቲን ታራንቲኖ በ2012 የሠራው፣ ባሪያ የነበረ ጥቁር ሰው ካውቦይ ሆኖ ጌቶቹን የሚበቀልበት ፊልም። ሽማግሌዎቹ ፈቃድ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ። አልተሳካም። ሲኒማው አልተከፈተም። ፈቃድ ፍለጋ ከመስኮት መስኮት መመላለስ ምን እንደሆነ ለኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ሆኖም ያ ያልተሳካው ማታ ራሱ ተቀርጾ ቀረ፤ ዛሬ በዓለም ይታያል።

ከአገራችንም አንድ እናንሣ። ቀደም ብለን የጠቀስናት ቦሎኛ ከተማ የካውቦዩን ፊልም ብቻ አይደለም ያደሰችው። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በ1974 እ.ኤ.አ.፣ ንጉሡ ሊወርዱ በተቃረቡበት ሰሞን፣ በጥቁርና ነጭ የቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እዚያው ታድሶ በ2006 ካን ፌስቲቫል ላይ ቀርቧል። የጭሰኛውን ቤተሰብ፣ የባለ መሬቱን ግፍ፣ መሬቱን ተነጥቆ እንደ እብድ የሚቆጠረውን የከበበን ነገር የሚያሳይ ፊልም ነው። ሳይቸኩል፣ ሰው ሲያርስ እስኪጨርስ፣ ሴት ውሃ ቀድታ እስክትመለስ ይጠብቃል። «ረዘመ» የሚለው ሰው መቁረጥ የሚጀምረው ከዚያው ነበር።

የእኛስ?

እነዚህ ፊልሞች ሁሉ የተመለሱት በአንድ ምክንያት ነው። የሆነ ቦታ አንድ ቅጂ ነበር። መጋዘን ውስጥ ወይም የሆነ ሰው ቤት ተቀምጦ ነበር። ቅጂ ከሌለ የዓለም ገንዘብና ባለሙያ ቢሰበሰብ አንድ ደቂቃ መመለስ አይችልም።

ከካርቱም ስንወጣ ብዙዎቻችን የለበስነውን ብቻ ይዘን ነው። የሠርግ ካሴት ቀርቷል። የክርስትና ፎቶ ቀርቷል። በየዓመቱ የተቀረጸው የጥምቀትና የመስቀል በዓል፣ የሞተ ጓደኛችንን ስንሸኝ የተነሣው ምስል እዚያው ቀርቷል። በካርቱም የኖረው ሐበሻ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሠርቷል፣ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ቀብሯል። ይህን ታሪክ ነገ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ምን ያገኛል? ባጭሩ «ጦርነት ተነሣ፣ ስደተኞች ወጡ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ያለዚህም ይገባል ይላል።

«እኛ ምን አቅም አለን?» ለምትሉ አንድ ነገር እናውጋችሁ። ካውቦዩ ፊልም የሚያልቅበት ክብ መቃብር ስፔን ውስጥ ለቀረጻ ተብሎ የተሠራ ነበር፤ ወደ 5,000 የሚጠጋ የይስሙላ መቃብር ነበረው። ፊልሙ ሲያልቅ ተተወ፤ አፈርና ሣር ዋጠው። በ2015 የአካባቢው ሰዎችና ፊልሙን የሚወዱ በጎ ፈቃደኞች ቅዳሜና እሑድ አካፋና ዶማ ይዘው ወጡ። ቆፍረው ከሥር የመሀሉን የድንጋይ ንጣፍ አገኙት። ባለሙያዎች አልነበሩም፤ ማንም አልከፈላቸውም። በማግሥቱ ዓመት የፊልሙን 50ኛ ዓመት እዚያው አከበሩበት። የውሸት መቃብር እንዲህ ከተቆፈረለት፣ የእውነት ሕይወታችን አንድ ፍላሽ ያንሰዋል?

እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ምክራችን ነው።

ካሴት ያላችሁ፦ ከፀሐይና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አርቁት። አስተኝታችሁ ሳይሆን አቁማችሁ አስቀምጡት። ነጭ ሻጋታ ከታየበት ዴክ ውስጥ አትክተቱት፤ ካሴቱም ይበላሻል፣ ዴኩም። የሚገለብጥ ሰው ስታገኙ አስቀድማችሁ ያንኑ አንዱን ብቻ የሆነውን ካሴት አስገልብጡ። ፊልምማ ሌላም ሰው ጋ ይገኛል።

ሞባይል ላይ ያላችሁ፦ ሞባይል ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ይሸጣል። አንድ ቅጂ ሜሞሪ ወይም ፍላሽ ላይ፣ ሌላ ቅጂ ሌላ አገር ያለ ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ቁጠሩት።

ስምና ቀን ጻፉ፦ ፎቶው ላይ ማን እንዳለ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሣ። ዛሬ ሁሉም ያውቀዋል፤ ልጆቻችን ግን አያውቁትም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን።

ጥንቃቄም አትርሱ፦ የሰው መልክና ስም የያዘ ነገር ባለቤቱን ሳትጠይቁ አታሰራጩ። ማስቀመጥና ማሰራጨት ለየቅል ናቸው። አንዳንድ ሰው ያለበት እንዲታወቅ የማይፈልግበት ምክንያት አለው።

ሽማግሌዎችን አስቀርጹ፦ ኢስትውድና ዋላክ ከ36 ዓመት በኋላ ተጠርተው የቀረውን ቃል ተናገሩ። ሦስተኛው ግን አልደረሰም፤ በርሱ ቦታ ሌላ ሰው ተናገረ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እ.ኤ.አ. በመተማና በሁመራ በኩል ሱዳን የገቡ እናቶችና አባቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። በራሳቸው ድምፅ ይናገሩት። በኋላ በነሱ ቦታ ሌላ ሰው ቢናገርላቸው፣ ምንም ያህል ቢያስመስል፣ ያው አይሆንም።

ፊልሙን ማየት ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ከሚሸጥላችሁ ወይም ከሚገለብጥላችሁ ሰው ስትቀበሉ ርዝመቱን ተመልከቱ። 161 ደቂቃ ከሆነ ያጠረው ነው። 179 አካባቢ ከሆነ ቁስለኞቹ ተመልሰዋል። ሦስት ሰዓት ይፈጃልና ባትሪና ሻይ አዘጋጁ፤ ልጆቹን ቀደም ብላችሁ አስተኙ።

አስተያየታችሁን፣ ያያችሁትንና የምታስታውሱትን የካርቱም ሲኒማ ነገር እንደተለመደው ለዝግጅት ክፍላችን አባላት በቃልም በጽሑፍም ብታደርሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ቢረዝምም አንቆርጠውም።

ቸር ይግጠመን!